ስሙ በሜዳው፣ ሐሳቡ በደብዳቤው

በዲሴምበር 1939 ኒውዮርክ ውስጥ ዳውንታውን አትሌቲክ ክለብ በተባለ ማኅበር አዳራሽ አንድ የ21 ዓመት ተማሪ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የሃይስማን ዋንጫን ተቀበለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ናይል ኪኒክ ይባላል፤ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሚጫወተውም አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉትን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ ነው። አሰልጣኙንና ጓደኞቹን ካመሰገነ በኋላ ንግግሩን ወደ ጦርነት መለሰ። በአውሮፓ የጦር ሜዳዎች ሳይሆን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የኳስ ሜዳዎች ላይ በመፋለሙ እግዚአብሔርን አመሰገነ። የአገሩ ተጫዋቾችም ክሯ ደ ጌር ከሚባለው የፈረንሳይ የጀግንነት ኒሻን ይልቅ ለዚህ ዋንጫ መታገልን እንደሚመርጡ በሙሉ ልብ ተናገረ። ይህን ባለ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ባሕር ውስጥ ቀረ።

ያ ምሽት በአሜሪካኖች ዘንድ ዛሬም ይታወሳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ያንን ቀን በራሳችን የዘመን ሚዛን ማየት ይገባናል። ለአዳራሹ ታዳሚዎች ጦርነቱ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው የሩቅ ወሬ ነበር። ለእኛ ግን አራት ዓመት ሞልቶት ነበር። ጣሊያን መረብን የተሻገረው በኦክቶበር 1935 ነው። ኪኒክ ስለ ሰላም አምላኩን ሲያመሰግን ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ፤ አርበኞቻችን ደግሞ በየጫካውና በየዋሻው ይዋጉ ነበር። አውሮፕላን ለአያቶቻችን የወጣት ጀግና መጋለቢያ አልነበረም፤ ከሰማይ መርዝ የሚያዘንብ ነገር ነበር። ስለዚህ የአንድን አሜሪካዊ አብራሪ ታሪክ የምናነበው እንደ እንግዳ ታሪክ አይደለም። እርሱ በኋላ የገባበት እሳት ቀድሞ የለበለበው እኛን ነው።

ኪኒክ በ1918 ክረምት አዴል በምትባል ትንሽ የአዮዋ ከተማ ተወለደ። የእናቱ አባት ጆርጅ ክላርክ የአዮዋ ግዛት ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ስለነበር ለዚያ ጨዋታ ግዙፍ የሚባል አልነበረም፤ በትምህርቱ ግን ከክፍሉ ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበር። አዮዋ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ደካማ ቡድን ነበር። በ1939 ኤዲ አንደርሰን የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣና ጥቂት ተጫዋቾችን ሙሉ 60 ደቂቃ፣ በማጥቃትም በመከላከልም፣ ሳይቀይር ያሰልፍ ጀመር። ሕዝቡም “የብረት ሰዎች” ብሎ ሰየማቸው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ስድስት አሸነፈ፣ አንድ ተሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ። ከሁሉ የገነነው የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲን ቡድን 7 ለ 6 የረታበት ግጥሚያ ነው። የአዮዋን ነጥቦች ሁሉ ያስቆጠረው ኪኒክ ነበር። ቀኑ ኖቬምበር 11 ሲሆን አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት 21ኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር። ያ ትውልድ የተወለደው በዚያ ጦርነት ማብቂያ፣ ያደገውም ከዚያ የተመለሱ አካለ ስንኩላን አባቶችና አጎቶች መካከል ነው። የኪኒክ ንግግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ልጁ ጦርነትን የጠላው ሳያውቀው ሳይሆን ካሳደጉት ሰዎች አንደበት ሰምቶት ይሆናል።

ከእርሱ አንድ ትውልድ አስቀድሞም ይኸው ታሪክ በሌላ ወጣት ላይ ደርሷል። ሆቢ ቤከር በ1913 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን አምበል፣ በበረዶ ሆኪም ዘመኑ ያላየው ተጫዋች ነበር። ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ተዋጊ አውሮፕላን አበረረ፤ ኪኒክ በኋላ በንግግሩ የጠቀሰውን ያንኑ ክሯ ደ ጌር ኒሻን ተሸለመ። ጦርነቱን በሕይወት ተሻገረ። ሰላም ከታወጀ ከአንድ ወር በላይ አልፎ፣ ወደ አገሩ የመመለሻ ትእዛዙም ደርሶት ሳለ፣ በዲሴምበር 21 ቀን 1918 ቱል ከተማ አጠገብ የተጠገነ አውሮፕላን ልሞክር ብሎ ተነሣ። ወድቆ ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ የሆኪ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሸለመው በእርሱ ስም ነው። ሽልማቱን ከሚቀበሉት ወጣቶች ስንቶቹ ስለዚያ የዲሴምበር ቀን እንደሚያስቡ እጠይቃለሁ። ስም ሽልማት ሲሆን ሰውየው ቀስ እያለ ከስሙ ይለያል።

ኪኒክ ከዋንጫው በኋላ የብሩክሊን የፉትቦል ክለብ በገንዘብ ሲጠራው እምቢ ብሎ ወደ ሕግ ትምህርት ገባ። ወደ ፖለቲካ እንደሚያመራ ብዙዎች ይጠብቁ ነበር። ዳሩ ግን አውሮፓ እየወደቀች ስትሄድ የ1939 አቋሙ እያደር ተለወጠ። በ1941 በባሕር ኃይል የበረራ ተጠባባቂነት ተመዘገበና ፐርል ሃርበር በጃፓኖች ከመመታቷ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ዲሴምበር 4 ቀን፣ ለአገልግሎት ተጠራ። ይህን ለውጥ አንዳንዶች የሰላም ሰው በመጨረሻ ጀግና ሆነ ብለው ይተርኩታል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ጦርነት ውብ ሆኖ አይታይም፤ በነፃነት የመኖር ዕድል ሊጠፋ ነውና መዋጋት ግድ ሆነ የሚል፣ ከሐዘን ጋር የተቀበለው ግዴታ ነው። ሁለቱ ኪኒኮች አንድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቆርጦ ሁለተኛውን ብቻ ማክበር ግማሹን ሰው ዳግም መቅበር ነው።

በሥልጠና ላይ ሳለ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱን በተለይ ላነሣ እወዳለሁ። በደቡባዊ ግዛቶች ሲቆይ ጥቁሮች እንዴት እንደሚኖሩ አየ። በሰዎች መካከል ካለው ግፍ ሁሉ የእነርሱ ዕጣ ከከፉት አንዱ መሆኑን፣ ሰብአዊ ክብር እንደተነፈጋቸው፣ አካባቢው ያለው ሰው ግን የሚጨነቀው “በቦታቸው” እንዲቀሩ ብቻ መሆኑን ጻፈ። ይህ ጦርነት የዘር የበላይነትን ለማጥፋት ነው እየተባለ እንዲህ ያለ ነገር በቤት ውስጥ መኖሩ እንደሚቆረቁረው፣ ከድል በኋላ ነገሩ ይበልጥ ሊከብድ እንደሚችልም አመለከተ። ይህን ሲጽፍ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድም ጥቁር አብራሪ አልነበረውም። የባሕር ኃይሉን የበረራ ሥልጠና ያጠናቀቀ የመጀመሪያው ጥቁር፣ ጄሲ ብራውን፣ ክንፉን ያገኘው በ1948 ነው፤ እርሱም በ1950 ኮሪያ ላይ ሞተ። እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ። በ1935 የአሜሪካ ጦር ጥቁር አብራሪ አልቀበልም ባለበት ዘመን ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አዲስ አበባ መጥቶ ለአገራችን በረረ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን አብራሪነት አስተማረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት እዚሁ አረፈ። የገዛ አገሩ የዘጋችበትን ሰማይ ያገኘው በእኛ ሰማይ ላይ ነው። የአዮዋው ልጅ ስለ ሮቢንሰን መስማቱን የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ የተከፋበት ጉዳይ ግን ሮቢንሰንን ወደ እኛ የላከው ጉዳይ ነው።

ጁን 2 ቀን 1943 ማለዳ። አዲሷ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሌክሲንግተን ቬኔዙዌላና ትሪኒዳድ መካከል ባለው የፓሪያ ባሕረ ሰላጤ የሙከራ ጉዞ ላይ ነበረች። ኪኒክ ለልምምድ በተነሣበት ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ከበረረ በኋላ የሞተሩ ዘይት ይፈስ ጀመር። ወደ መርከቧ መድረስ አልቻለም፤ ከእርሷ አራት ማይል ገደማ ርቆ ውኃ ላይ አረፈ። የነፍስ አድን ጀልባ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። የተገኘው በውኃው ላይ የተንጣለለ ዘይት ብቻ ነበር። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። 25 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ከጠላት ጋር አልተገናኘም፤ አንድም ጥይት አልተኮሰበትም። በጦርነት ዘመን ከሞቱ አብራሪዎች እጅግ ብዙዎቹ እንዲህ በልምምድና በብልሽት እንደሞቱ ስለ ጀግንነት በሚነገሩ ትረካዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በቀጣዩ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ቤን፣ እርሱም አብራሪ፣ በፓስፊክ ጦር ግንባር ሞተ። አንዲት እናትና አንድ አባት በአሥራ አምስት ወር ገደማ ውስጥ ሁለት ልጅ አጡ።

ከዚህ በኋላ አባትየው ያደረጉት ነገር በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ይመስጠኛል። በ1945 የአዮዋ ስታዲየም በልጃቸው ስም ይጠራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ አልተቀበሉትም። ብዙ የሰው ልጆች በሞቱበት ጦርነት የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ተለይቶ ይነሣል የሚል ነበር ምክንያታቸው፤ ከቤታቸው እንኳ ሌላው ልጃቸው አለና። ስታዲየሙ የኪኒክን ስም የያዘው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። ያን ጊዜ ዱክ ስሌተር የተባለው የአዮዋ ጥቁር ባለታሪክ ተጫዋች ስምም አብሮ እንዲሰፍር ተጠይቆ ነበር። ስሌተር በ1921 ኖትርዳምን ያሸነፈው ቡድን ምሰሶ፣ በኋላም በቺካጎ ዳኛ የነበረ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ስሙ ለተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃ ተሰጠ፤ የስታዲየሙ ሣር በስሌተር ስም የተጠራው በ2021 ብቻ ነው። ዛሬ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመኸር ቅዳሜዎች ወደዚያ ስታዲየም ሲገቡ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ያገኛሉ። በበሩ ላይ የቆመው የኪኒክ ሐውልትም በጦር ልብስ ሳይሆን መጽሐፉን እንደያዘ ተማሪ ነው። የቀራፂውን ማስተዋል አደንቃለሁ።

ነገር ግን በኪኒክ ስም የተጠራ ስታዲየም ከአዮዋው አስቀድሞ ነበር፤ የነበረውም ጃፓን ውስጥ ነው። ቶኪዮ ላይ በ1924 የተሠራው የሜይጂ ቤተ መቅደስ የውጪው አትክልት ስፍራ ስታዲየም ጃፓን ስትሸነፍ በአሜሪካ ጦር እጅ ገባ፤ ወታደሮቹም የናይል ኪኒክ ስታዲየም አሉት። የአዮዋው አባት የከለከሉትን ስም ድል አድራጊው ጦር በተሸናፊው ሜዳ ላይ ለጠፈው። ሜዳው ደግሞ ከዚያ በፊት የራሱ ሐዘን ነበረበት። ኦክቶበር 21 ቀን 1943፣ ኪኒክ በሞተ በአምስተኛው ወር፣ ከትምህርታቸው ተነቅለው ወደ ጦር የሚሄዱ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ተማሪዎች በዝናብ ውስጥ ጠመንጃ ተሸክመው በዚያ ሜዳ ሰልፍ ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶጆ ንግግር አደረጉ፤ በተማሪዎቹ ስም የተናገረው ወጣትም በሕይወት መመለስን እንደማይጠብቁ ተናገረ። አንዱ ተማሪ በኒውዮርክ መድረክ ላይ ከጦር ሜዳ መትረፉን አመሰገነ፤ ሌላው በቶኪዮ መድረክ ላይ ላለመመለስ ማለ። የኒውዮርኩ ሞተ፤ የቶኪዮው ተረፈ።

ከዚያ ትውልድ ጃፓናውያን ውስጥም የኪኒክ አምሳያ አለ። ሺንኢቺ ኢሺማሩ ለናጎያ ክለብ የሚጫወት የቤዝቦል ወርዋሪ ነበር፤ በዚያው በ1943 ኦክቶበር ተጋጣሚውን አንድም ምት ሳያስመታ የጨረሰበት ግጥሚያ በአገሩ የስፖርት ታሪክ ተመዝግቧል። ከዚያ ወደ ባሕር ኃይል የበረራ ሥልጠና ገባና በሜይ 11 ቀን 1945 የአጥፍቶ መጥፋት ተልእኮ ተሰጥቶት ሄደ። ሊነሣ ሲል ከጓደኛው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አሥር ኳስ ወረወረ ይባላል። 22 ዓመቱ ነበር። ኪኒክን ለሞት ባበቃው ጦርነት በተቃራኒው ወገን የነበረ ልጅ ነው፤ እናቱ ግን ያለቀሰችው የአዮዋዋ እናት እንዳለቀሰችው ነው። ጃፓናውያን በጦርነቱ ያለቁ ተማሪዎቻቸውን ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ አሰባስበው በ1949 በመጽሐፍ አሳተሙ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። የኪኒክ ማስታወሻና ደብዳቤዎችም በ1991 በአሜሪካ ታትመዋል። በሁለቱም ወገን ልጆቹን ከመፈክር ያዳናቸው ይህ ወረቀት ነው። ቤተሰብ ባይጠብቀው፣ ቤተ መጻሕፍት ባይረከበው፣ ከኪኒክ የሚቀረን የስታዲየም ስምና በጨዋታ መጀመሪያ ዕጣ በሚጣልበት ሳንቲም ላይ የተቀረጸ ፊት ብቻ ነበር።

ያ የቶኪዮ ሜዳ ከሥፍራው አልጠፋም። የአሜሪካ ጦር በ1952 ለቀቀው፤ አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው በ1958 ብሔራዊው ስታዲየም ተሠራ። በ1964 የኦሎምፒክን እሳት እዚያ የለኮሰው ዮሺኖሪ ሳካይ ነበር፤ የተወለደው ኦገስት 6 ቀን 1945፣ አቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ በወደቀበት ዕለት፣ በዚያው በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ነው። ኦክቶበር 21 ደግሞ የማራቶን ቀን ነበር። እኛ ያንን ቀን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ብለን እናውቀዋለን። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አንድ ወር ከምናምን በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተማሪዎቹ በዝናብ ከተሰለፉበት ዕለት ልክ 21 ዓመት፣ በዚያው መሬት ላይ። አበበ የተወለደው በ1932 ነው፤ አገሩ ስትወረር የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ከኪኒክ የሚያንሰው በአሥራ አራት ዓመት ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ የተሰቀለውን የቶኪዮ ፎቶግራፍ ስንመለከት ከሥሩ ያለውን አፈርም ብናስብ መልካም ነው። ከ25 ሺህ ተማሪዎች መካከል ያልተመለሱት የመጨረሻ ጊዜ ሰላማዊ ሰው ሆነው የቆሙበት አፈር ነው። ለእነርሱ መታሰቢያ የሚሆን ድንጋይ እዚያ የቆመው ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1993 ነው።

ታሪኩ በዚያ ትውልድም አላበቃም። ፓት ቲልማን የአሪዞና ካርዲናልስ የፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ2002 የ3.6 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ ወደ ጦር ሠራዊት ገባና ኤፕሪል 22 ቀን 2004 አፍጋኒስታን ውስጥ ሞተ። በጠላት ጥይት ተገደለ ተብሎ በቴሌቪዥን በተላለፈ ሥነ ሥርዓት ከተሸኘ በኋላ፣ የገደለው የገዛ ወገኑ ጥይት መሆኑን ቤተሰቡ የሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው። እናቱ እውነቱ እንዲወጣ ለዓመታት ታገለች። ቤከርን ስም በላው፤ ኪኒክን አባቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ከስም ጠበቀው፤ ቲልማንን እናቱ ከሐሰት አዳነችው። በሦስቱም ትውልድ መንግሥትና ሕዝብ ከሞተው ወጣት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱን። ቤተሰብ ግን ልጁን መልሶ ይፈልጋል፤ ከነሐሳቡ፣ ከነጥርጣሬው፣ ከነጸሎቱ።

እኛስ? ከዓድዋ እስከ ማይጨው፣ ከኦጋዴን እስከ ባድመ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. እስከተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ሜዳ ላይ ኳስ ያንከባልሉ የነበሩ ስንት ልጆች እንደቀሩብን የሚቆጥር የለም። በየከተማው የሰማዕታት ሐውልት አለን፤ ዓመታዊ በዓልም አለን። የሌለን የእነዚያ ልጆች ቃል ነው። ከግንባር የተላከ ደብዳቤ በየሳጥኑ እየተበላሸ ይሆናል፤ በቅርቡ ጦርነት የሞቱት ደግሞ መልእክታቸውን የተዉት በእጅ ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲሰበር ቃሉም አብሮ ይጠፋል። የኦጋዴን ዘመን እናቶችና እህቶች እያረፉ ነው። ልጃቸው ምን ያስብ እንደነበር፣ ስለ ጦርነቱ ምን ይል እንደነበር፣ በየትኛው ሜዳ በምን ቦታ ይጫወት እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ወይም የተቀዳ ድምፅ ካለ በዚህ ዓመት ቅጂ አስቀር። የጻፈውን ሰው ሙሉ ስም፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግብ። ከቤተሰቡ ፈቃድ ካገኘህ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት (ለወመዘክር) ወይም በአቅራቢያህ ላለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክብ። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖችም ከአገር ስትወጡ የያዛችሁት የወንድም ደብዳቤ ካለ እንዲሁ አድርጉ። የቡድን አሰልጣኞችና የክለብ ኃላፊዎች ወደ ግንባር ሄደው ያልተመለሱ ተጫዋቾቻችሁን ዝርዝር ከነቦታቸውና ከነማልያ ቁጥራቸው ጻፉ። በጠላትነት ተሰልፎ የነበረውን ወገን ልጅም አትዝለሉ።